ውዳሴ ደረቅ ጨርቅ

ጎንደር ውስጥ ጥቁር መኪና ያለው ሰው ብቸኝነት አያውቀውም። መኪናዋ አሮጌ ቮልስ ከሆነች ደግሞ፣ የፋብሪካ ቀለሟም እስካሁን ከላይዋ ካልወረደ፣ ከፒያሳ እስከ አዘዞ አስታማሚ ሞልቶላታል። ባለቤቷ ሞተር አጥፍቶ አንድ እግሩን መሬት ከማድረሱ በፊት የሰው መዳፍ ኮፈኗ ላይ አርፏል። «ውይ፣ አቧራ ለብሳለች!» ይባላል። ከኋላ ኪስ ጨርቅ ይወጣል። ጨርቁ ደረቅ ነው። ጠዋት የባጃጅ ወንበር ጠርጓል፣ ረፋዱ ላይ ጫማ አራግፏል፣ ቀትር ላይ የባለቤቱን ላብ አብሷል፤ አሁን የቮልሷ ተራ ደርሷል። ሌላው ዓለም ለእንዲህ ዓይነቱ አገልግሎት ቀጠሮ ይይዛል፣ ሒሳብ ይከፍላል። እኛ ዘንድ «ተው፣ አትንካት» ቢሉ እንኳ በነጻ ይደረጋል።

ይህን ደግነት የሚያመሰግን ሰው እስካሁን አለመነሣቱ ይገርመኛል። ለማይረባው ሁሉ የምስክር ወረቀት በሚታደልበት ዘመን ለደረቅ ጨርቅ አንዲት የምስጋና መስመር አልተጻፈለትም። እንግዲህ ዛሬ እኔ ልጀምር።

ጥበቡን ለማድነቅ መጀመሪያ አቧራችንን ማወቅ ያስፈልጋል። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲደርቅ አቧራው ከኮብልስቶን መገጣጠሚያ፣ ካልተነጠፈ የሰፈር መንገድ፣ ከየግንባታው የአሸዋ ክምር እየተነሣ ከተማዋን ያዳርሳል። ለዓይን ለስላሳ ዱቄት ነው። ውስጡ ግን ኳርትዝ የሚባል ማዕድን አለበት፤ በማዕድናት ጥንካሬ መለኪያ ከ10 ውስጥ 7 የሚያገኝ፣ ብርጭቆን የሚጭር። የመኪና ቀለም ደግሞ ከብርጭቆ እጅግ ይለሰልሳል። ያን ጠጣር ዱቄት በለስላሳ ቀለም ላይ በመዳፍ ተጭኖ፣ ክብ ክብ እየሠሩ ማሸት ምን እንደሆነ ቀለም ቀቢ ያውቀዋል፤ ብርጭቆ ወረቀት ብሎ ከሱቅ የሚገዛው ይህንኑ ነው። የእኛ ሰው መግዛት አላስፈለገውም። ጨርቁ ከእሱ፣ አሸዋው ከመንገዱ።

ውጤቱ ወዲያው መታየቱ ነው ደስ የሚለው። አቧራው ይነሣል፣ መኪናዋ ታበራለች፣ ጠራጊው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ «አሁን ሰው መሰለች!» ይላል። ፀሐይ ዘወር ብላ ጎኗን ስትመታት ግን ሌላ ጌጥ ይወጣል፤ ለቁጥር የሚያታክቱ ቀጫጭን ጭረቶች የፀሐይዋን ነጸብራቅ መሐል አድርገው ቀለበት በቀለበት ይደረደራሉ። ጭረቶቹ እንኳ በየአቅጣጫው የተበተኑ ናቸው፤ ወደ ዓይናችን ብርሃን የሚመልሱልን ለብርሃኑ አግድም የተኙት ብቻ ስለሆኑ ነው ክብ የሚመስሉት። ነጭ መኪና ይህን ጌጥ ትደብቃለች፤ ራሷ ብርሃን ስለምትረጭ ጭረቱ በመሐል ይጠፋል። ጥቁሯ ከራሷ የምትመልሰው ብርሃን ጥቂት ስለሆነ አንዲት ጭረት እንኳ ብትኖር አሳልፋ ትሰጣለች። ሐቀኛ ቀለም ነው። ሐቀኛ ደግሞ በየትም አገር ብዙ ይታሻል።

የላቫጆ ልጆችማ ጥበቡን አሳድገውታል። ጎማ ያጠበው ስፖንጅ ሳይጨመቅ ጣሪያ ላይ ይወጣል፤ ከፓራፋንጎ ሥር የተነሣው ጠጠርም በስፖንጁ ተሳፍሮ ኮፈኑን ይጎበኛል። ሳሙናው ኦሞ ነው፤ ለአንሶላ የተሠራ። ቅባት ማስለቀቅ ሥራው ስለሆነ ባለቤቱ ባለፈው ሳምንት ወገቡ እስኪንቀጠቀጥ የቀባውን ሰም ይዞት ይሄዳል። ማብቂያው ላይ ናፍታ የነካ ጨርቅ ይዞርና መኪናዋ ፊት ታሳያለች፤ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ ድረስ። ከዚያ ወዲያ ቅባቱ የቀበሌውን አቧራ በሙሉ ጠርቶ ይሰበስባል። አቧራ ሲሰበሰብ ደግሞ ጨርቅ ያስፈልጋል። ሥራ ፈጠራ ብለው በየስብሰባው የሚያወሩት ይህን ሳይሆን አይቀርም።

ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ጥቁር ቮልሳቸው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተሠራች ናት። የዛሬ መኪኖች ከቀለሙ በላይ ግልጽ ሽፋን ተደርቦላቸዋል፤ ይህ የተለመደው እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ ነው። የእሳቸዋ ያ የላትም። የሚታሸው ራሱ ቀለሙ ነው፤ በታሸ ቁጥርም ትንሽ ትንሽ እያለ ጨርቅ ላይ ይቀራል። አንድ ቀን የላቫጆው ልጅ አሽቶ አሽቶ ሲያበቃ ጨርቁን ዘርግቶ አሳያቸው፤ ድብን አድርጎ ጠቁሯል። «ጋሼ፣ አዩልኝ ቆሻሻውን! እስከ ዛሬ ማንም በደንብ አላጠበልዎትም!» አላቸው። መምህሩ የገዛ ቀለማቸውን በሰው እጅ ላይ እያዩ ጉርሻ ሰጡት። ምን ያድርጉ? ልጁ የለፋው ከልቡ ነው። ከፋብሪካ የወጣ ቀለም ከነመደቡ ቢለካ የአንድ ሚሊሜትር አንድ አስረኛ ገደማ ቢሆን ነው፤ በዚህ ትጋት ከቀጠልን ቆርቆሮው ጋ ለመድረስ ሩቅ አይደለንም።

ጎንደር የሊቃውንት አገር ናት፤ ባዶ ሰሌዳ አይታ አታልፍም። ጥቁር ቮልስ ላይ የተኛ አቧራ ደግሞ ከክፍል ሰሌዳ በምን ያንሳል? ጠመኔ እንኳ አይጠይቅም፣ ጣት ይበቃዋል። አንዱ «እጠቡኝ» ይጽፋል። ሌላው ከሥሩ «ፋሲል» ይላል፤ ንጉሡን ይሁን የእግር ኳስ ክለቡን አይገልጽም። ሦስተኛው ልብ ሥሎ ፍላጻ ይሰካበታል። ጣት ሲሄድ ታዲያ አቧራውን ወደ ፊት ብቻ አይገፋም፣ ከሥሩም እያሸ ነው የሚያልፈው። መምህሩ በማግሥቱ መኪናዋን አጥበው፣ አድርቀው፣ ሰም ቀብተው ፀሐይ ላይ ሲያወጧት «እጠቡኝ» እዚያው ነበር። ተቀርጿል። ታጥባም እጠቡኝ የምትል መኪና የእሳቸው ብቻ ናት ብል ዋሽቻለሁ፤ በከተማው ጓደኞች አሏት። ቤተ መንግሥቱን ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1979 መዝግቦታል፣ ዘበኛም አለው፣ ድንጋይ ስለሆነ ደግሞ ጣት አይፈራም። ጣት የምትፈራዋ ናት ዘበኛ ያጣችው።

ቮልስ በዚህ አገር ታሪክ ያላት መኪና መሆኗም ጎድቷታል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን ወርደው ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስ ነው። ይህን የማያውቅ አዛውንት ሰፈራችን ውስጥ የለም፤ የሚተርከው ሁሉ ደግሞ ክንዱን የመምህሩ ቮልስ ላይ አሳርፎ ነው። ያቺኛዋ ቮልስ አዲስ አበባ የነበረች መሆኗ ለተራኪው ምኑም አይደለም። ታሪኩ ረጅም ስለሆነ በየምዕራፉ ክንድ ይቀየራል፤ የሰዓት ብረት፣ የጃኬት ዚፕ፣ የከዘራ ጫፍ በየተራ የየበኩላቸውን ይመዘግባሉ። መምህሩ ታሪክ አስተማሪ ስለነበሩ «እባክዎ ይነሡልኝ» የሚል አንደበት አጡ። አዛውንቱ ሲበቃቸው ሕፃናቱ ይቀበላሉ። ቮልስን የሠራው ሰው ጀርባዋን ለምን እንደዚያ ቁልቁል እንዳጎበጠው እነሱ ገብቷቸዋል፤ መንሸራተቻ ናት።

ጥላ ፍለጋውም ምስጋና አይቅርበት። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ስላለች ፀሐይዋ ቀለም ታደክማለች፤ ጥቁሩ ደግሞ ሙቀቱን ጠጥቶ ይይዛል። ስለዚህ አሽከርካሪ ሁሉ ዛፍ ሥር ይሮጣል፤ ጃን ተከል ዋርካ አካባቢ ቦታ ያገኘ እንደ ዕድለኛ ይቆጠራል። ወፎቹም ይህን ያውቃሉ። ኩሳቸው አሲድነት አለው፤ በጋለ ቀለም ላይ ሲደርቅ ይበላዋል። መንገደኛ የሚደርሰው እዚህ ላይ ነው። እርጥብ ጨርቅ ላዩ ላይ ጣል አድርጎ ጥቂት ደቂቃ እስኪርስ መጠበቅ፣ ከዚያም ሳይጫኑ ማንሣት ይቻል ነበር። ግን የቀበሌ መታወቂያ ኪሱ ውስጥ ያለ ሰው ለወፍ ኩስ ወረፋ ይጠብቃል? ፍቅ፣ ፍቅ፣ ፍቅ። «ለቀቀልዎት!» አዎ፣ ሁለቱም ለቀቁ።

ሰርግ ሲመጣ ግን እጄን አፌ ላይ ነው የምጭነው። ጥምቀት አልፎ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ባለው ጊዜ ጥቁር ቮልስ ያለው ሰው ከሙሽራው እኩል ይፈለጋል። መምህሩም የዘመድ ልጅ ተድሮ እምቢ ማለት አይችሉም። አበባው ከጣሪያ እስከ ፓራውልት በፕላስተር ይለጠፋል፤ ቀኑን ሙሉ በፀሐይ ይጋገራል፤ ማታ ሚዜዎቹ ሲነቅሉት ሙጫው ይቀራል፣ ካልሆነም ቀለሙ አብሮ ይሸኛል። በፋሲለደስ መዋኛ አጥር ጥግ መኪናዋ ቆማ ፎቶ አንሺው ሥልጣኑን ይረከባል። «ሙሽሪት ኮፈኑ ላይ ቁጭ በይ! አንተ አንድ እግርህን ፓራውልቱ ላይ! ሚዜዎች ክንዳችሁን ጣሪያው ላይ!» የቀሚሷን ዶቃ ቆጥሮ የሚያውቅ የለም፤ ኮፈኑ ግን አንድ በአንድ መዝግቧቸዋል። «ትንሽ ወደ ግራ ተንሸራተች» ሲባል ተንሸራተተች። «አይ፣ ወደ ቀኝ ይሻላል» ሲባል ተመለሰች። መምህሩ ከሩቅ ሆነው ፈገግ ለማለት ሞከሩ፤ ፎቶው ላይ ግን እንደ ለቀስተኛ ነው የወጡት። በመጨረሻ የሙሽሪት አክስት ደረሱ። «ልጄ፣ ፎቶው ላይ አቧራ ይወጣብናል!» አሉና በነጠላቸው ጫፍ ከዳር እስከ ዳር ጠረጉላቸው፤ የወርቅ ክር ባለው በጥለቱ በኩል። እልልታው ደራ።

መምህሩ ራሳቸው ሲያጥቡ ያየ ሰው ደግሞ ይስቅባቸዋል። በማለዳ፣ ቆርቆሮው ሳይሞቅ፣ ጥላ ውስጥ ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በጀሪካን ያጠራቅማሉ። ሁለት ባልዲ ያቀርባሉ፤ አንዱ የመኪና ሻምፖ ያለበት፣ አንዱ ንጹሕ ውሃ። መጀመሪያ ምንም ሳይነኩ ከላይ ውሃ ያፈሱባታል፤ አቧራው ተንሳፍፎ እንዲወርድ። ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ ከጣሪያ ጀምረው ወደ ታች፣ ቀጥ ባለ መስመር፣ ሳይጫኑ። በየመሐሉ ጨርቁን በንጹሑ ውሃ ያለቀልቁና ባልዲው ሥር የተቀመጠውን አሸዋ ለልጅ ልጆቻቸው ያሳያሉ። የጎማው ጨርቅ ለብቻው ነው። መሬት የወደቀ ጨርቅ ያን ቀን ወደ መኪናዋ አይመለስም። የሚቀቡት ሰም ካርናውባ ይባላል፤ ብራዚል ከሚበቅል የዘንባባ ዓይነት ቅጠል የሚገኝ ነው፤ ስስ አድርገው ይቀቡና በንጹሕ ጨርቅ ያነሡታል። ይህን ሁሉ የሰፈሩ ሰው እጁን አጣጥፎ ያያል። «ለአንድ ቮልስ ይሄ ሁሉ!» ይላል አንዱ። «ጡረታ መጥፎ ነው» ይላል ሌላው። ሲጨርሱ፣ ስፖኪዮው ሥር አንዲት የውሃ ጠብታ ያየ ደግ ጎረቤት «ጋሼ፣ እዚህች ጋ ረስተዋል» ብሎ በሹራቡ እጅጌ ያብስላቸዋል።

ሸራ ማልበስ ሞክረው ነበር። ንፋስ ሲነሣ ሸራውና ከሥሩ የገባው አቧራ ተባብረው ሌሊቱን ሙሉ አሹዋት፤ ቀን ቀን ደግሞ ሰው ሁሉ ምን እንደተሸፈነ ለማየት ሸራውን በአቧራው ላይ እየጎተተ ይገልጣል። ከዚያ አንድ የላባ መጥረጊያ በስጦታ መጣላቸው፤ ላኪው ታክሲ ነጂ ነው፣ የራሱን ነጭ መኪና በየጠዋቱ በእሱ ሲደበድብ ምንም ጭረት አይቶ አያውቅም።

በቅርቡ የመጨረሻው መፍትሔ ተገኘ። የሚያውቁት ቀለም ቀቢ «ጋሼ፣ ለምን ነጭ አንቀባልዎትም? ጭረት አይታይም፣ ይገላገላሉ» አላቸው። ጋራዡን አየሁት። አስፋልት ዳር ነው፣ በሦስት ጎን ግድግዳ የለውም፤ ወደ መተማ የሚወርደው የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር አቧራው ሰተት ብሎ ይገባል፣ እርጥብ ቀለም ላይ ያርፋል፣ አብሮ ይደርቃል። መጀመሪያ ልስቅ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን ከተሰጡት ምክሮች ሁሉ የሚያዋጣው ይኸው ነው፤ አቧራው ከቀለሙ ላይ ወርዶ ከቀለሙ ውስጥ ከገባ የጎንደር ጨርቅ በሙሉ ተሰብስቦ ቢመጣ የሚጠርገው አያገኝም። ገና ያልተስማሙት በዋጋው ላይ ብቻ ነው።