ተራ ጠብቆ የሚጻፍ ልብ ወለድ

ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ሲጽፍ የሚያመሽ ወጣት ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት የሚሰማው ወቀሳ አንድ ዓይነት ነው፤ ጊዜውን በከንቱ ያጠፋል ይባላል። ወቀሳው ብዙ ጊዜ እውነት አለው። በጽሑፍ ብቻ የሚካሄደው የገጸ ባሕርይ ጨዋታ፣ ማለትም ተጫዋቾቹ «ሮልፕሌይ» የሚሉት፣ አብሮ መናቁ ግን አግባብ አይመስለኝም።

ጨዋታው ሥዕልም አሸናፊም የለውም። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች በቴሌግራም ተገናኝተው እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ፤ አንዱ የእሱ ሰው ያደረገውንና የተናገረውን ሲጽፍ ሌላው በራሱ ሰው በኩል ይመልሳል፤ ታሪኩም በቅብብል ያድጋል። እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ ውስጥ የታተመው «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለ ጨዋታ ጠረጴዛ ከቦ ገጸ ባሕርይ መያዝን አስለመደ። በ1978 ደግሞ በእንግሊዝ ኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ሮይ ትረብሾው የጀመረውና ሪቻርድ ባርትል ያስፋፋው «ማድ» የተባለ የኮምፒዩተር ጨዋታ፣ ብዙ ሰዎች በኮምፒዩተር የሚገናኙበትን፣ ሁሉም ነገር በቃላት ብቻ የሚገለጽበትን ዓለም ፈጠረ።

የጥበቡ ሁሉ ሥር አንድ ሕግ ነው፤ የሌላውን ሰው ገጸ ባሕርይ አትነካም። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከአንኮበር በታች ባለው በአልዩ አምባ ገበያ የሚካሄድ ታሪክ እናስብ። አንደኛው ተጫዋች «ነጋዴው አሞሌውን ከግመሉ አወረደና ቀረጥ ሰብሳቢውን ቀና ብሎ ሳያይ፣ ‹ዘንድሮ መንገዱ ከበደን፣ ጌታዬ› አለ» ብሎ ጻፈ። ጀማሪ ቢሆን «ቀረጥ ሰብሳቢው ያዘው፤ ነጋዴው ደንግጦ አለቀሰ» ብሎ ይመልሳል፤ የባልንጀራውን ሰው ራሱ አስለቅሶ ጨዋታውን ገደለው ማለት ነው። የለመደው ግን እንዲህ ይላል፦ «ቀረጥ ሰብሳቢው አሞሌዎቹን አንድ በአንድ ቆጠረ፤ ጫፏ የተሰበረችውን አንስቶ፣ ‹ይቺንስ መንገዱ ነው የሰበራት?› ሲል ጠየቀ።» አሁን ነጋዴው መዋሸት፣ መለመን ወይም መቆጣት ይችላል፤ ምርጫው የእሱ ነው።

የቀድሞዎቹ ተሟጋቾች በበላ ልበልሃ የሚረቱት ባላጋራቸው ከተናገረው ቃል ላይ መልሳቸውን ሲያነሱ ነበር። በትምህርት ቤት የሚጻፈው ድርሰት ይህ የለውም፤ ተማሪው ለማርክ ጽፎ ያስረክባል፣ መምህሩም አርሞ ይመልሳል። እዚህ ግን ቀጣዩን መስመር የሚጠብቅ አንባቢ አለ፣ የተድበሰበሰ ዓረፍተ ነገርም ወዲያው ይጋለጣል። ደግሞም መብራት ቢጠፋ ወይም ኔትወርክ ቢቋረጥ ታሪኩ ባለበት ይቆያል፤ ለእኛ አካባቢ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ አልክድም። ከማያውቁት ሰው ጋር ሲጫወቱ ትክክለኛ ስምን፣ ትምህርት ቤትንና ፎቶን አለመስጠት፣ ታዳጊዎችንም ከአዋቂዎች ጋር አለማደባለቅ ግድ ነው።

እኔን ቅር የሚለኝ ሌላ ነው፤ በአማርኛ ያየኋቸው ታሪኮች አብዛኞቹ የፈረንጅ ግንብና ዘንዶ ናቸው። መከልከል አይገባም፤ ግን በመንዝ ጓሳ ሣሩ በተከለለበት ወራት ሌሊት ገብቶ ያጨደ ድሃና በጨረቃ ያገኘው ጠባቂ ቢገናኙ ከዘንዶው የሚያንስ ውጥረት የላቸውም። የየትምህርት ቤቱ የሥነ ጽሑፍ ክበብ ይህን ቢሞክረው ወጪ የለበትም፤ ሁለት ሁለት ሆነው ቦታና ሰው ይምረጡ፣ የመጀመሪያው ጸሐፊ አንድ አንቀጽ ይጻፍ፣ የራሱ ሰው የሚናገረውን ተናግሮ ሲያበቃም ብዕሩን ለባልንጀራው ይልቀቅ።