ሰዓቱ ወይስ ቪዲዮው? የኮሌጅ ፉትቦል ተጫዋች በምን ይመዘን?

የኤንኤፍኤል (የአሜሪካ ፉትቦል ከፍተኛ ሊግ) ድራፍት በየዓመቱ ኤፕሪል ላይ ይደረጋል። 32 ቡድኖች በ7 ዙር ከ250 በላይ የኮሌጅ ልጆችን ተራ በተራ ይመርጣሉ። የ2027ቱ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ናሽናል ሞል ላይ እንዲሆን ተወስኗል። በዚያ አካባቢ ለሚኖሩ አንባቢዎቻችን ነገሩ ደጃቸው ድረስ መጣ ማለት ነው።

ጥያቄያችን ይህ ነው። አንድ ልጅ ከመመረጡ በፊት ይበልጥ መታመን ያለበት በኮሌጅ ሲጫወት የተቀረጸው ቪዲዮ ነው፣ ወይስ ኮምባይን ላይ የሚወሰደው የሰውነት ልኬት? ኮምባይን ቡድኖች ተስፈኞችን ኢንዲያናፖሊስ ላይ ሰብስበው የሚለኩበት የፈተና ሳምንት ነው። ለቪዲዮው የሚከራከሩት ሜሪላንድ የሚኖሩ አባት ናቸው፤ ልጃቸው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ቡድን ይጫወታል። ለልኬቱ የምትከራከረው ቨርጂኒያ ያደገች ወጣት ናት። ኮሌጅ ሳለች ሯጭ ነበረች፤ አሁን በትምህርት ቤቶች ውድድር ሰዓት ትይዛለች። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ለቪዲዮው

ኳሱን ከሚወረውረው፣ ከኳርተርባክ ልጀምር። ቡድን የሚቆመውም የሚወድቀውም በእሱ ነው።

በ2021 ሳን ፍራንሲስኮ ትሬይ ላንስን በ3ኛ ቁጥር ወሰደ። እዚያ ቁጥር ላይ ለመድረስ ሦስት የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎች ከፍሏል። ልጁ ቁመናው ያማረ፣ ክንዱ ብርቱ፣ እግሩ ፈጣን ነው። ኖርዝ ዳኮታ ስቴት ኮሌጅ ውስጥ ሙሉ ዓመት የተጫወተው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በ2019። በዚያ ዓመት 28 ተችዳውን (ነጥብ የሚያስገኝ ኳስ) ወርውሮ አንድም ኳስ አልተጠለፈበትም። ጥሩ ነው። ግን አንድ ዓመት ነው።

ያው ቡድን በሚቀጥለው ዓመት በመጨረሻው ዙር፣ በመጨረሻው ቁጥር፣ በ262ኛ ብሮክ ፐርዲን ወሰደ። አጭር ነው ተባለ። ክንዱ አይበቃም ተባለ። አይዋ ስቴት ውስጥ ግን አራት ዓመት ተጫውቷል። በፌብሩዋሪ 2024 ሳን ፍራንሲስኮን ሱፐር ቦውል፣ የሊጉ የዋንጫ ጨዋታ ላይ የመራው ፐርዲ ነው። ላንስ ከዚያ በፊት በአንዲት የአራተኛ ዙር ምርጫ ለዳላስ ተሰጥቶ ነበር። አንድ ቡድን፣ ሁለት ልጆች፣ የአንድ ዓመት ልዩነት።

እኔ ማታ ማታ ከልጄ ጋር ቁጭ ብዬ ቪዲዮ አያለሁ። ኳሱን አይደለም የምናየው። ሦስተኛ ሙከራ ነው እንበል፤ ኳሱን ይዞ ለመቀጠል 8 ያርድ ይቀራል። መጀመሪያ ሊወረወርለት የታሰበው ተቀባይ ተይዟል። በግራ በኩል አንድ ግዙፍ ተከላካይ እየመጣ ነው። ኳርተርባኩ ዓይኑን ወደሚመጣበት ሰው ካወረደ አለቀ። ዓይኑ ሜዳው ላይ እንደቀረ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ገብቶ ሁለተኛውን ተቀባይ ካገኘ፣ ቪዲዮውን መልሰን እናየዋለን። አንዴ ካደረገው ዕድል ነው እንላለን። በአሥር ጨዋታ ሃያ ጊዜ ካደረገው ግን ያ ልጅ እንደዚያ ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም።

ኢንዲያናፖሊስ ላይ ይህን የሚለካ መሣሪያ የለም። እዚያ ልጁ ያለ ሄልሜት፣ በቁምጣ፣ 40 ያርድ ይሮጣል። 36 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። የሚመታው የለም፤ የሚያሳስተው የለም። በ2000 ቶም ብሬዲ ያንን በ5.28 ሴኮንድ ጨረሰ። 199ኛ ተመረጠ። ሰባት ሱፐር ቦውል አሸነፈ። በ2017 ተቀባዩ ጆን ሮስ በ4.22 ሮጠ፤ በጊዜው የኮምባይኑ ክብረ ወሰን ነበር። ሲንሲናቲ በ9ኛ ወሰደው። በመጀመሪያው ዓመት አንድም ኳስ አልያዘላቸውም። ከእሱ ቀጥሎ በ10ኛ የተጠራው ስም ታዋቂው ኳርተርባክ ፓትሪክ ማሆምስ ነው።

ያልሠራውን ወደፊት ይሠራዋል ብሎ መምረጥ እኛ ቤት ስም አለው። ላም አለኝ በሰማይ ይባላል።

ለልኬቱ

ጋሼ፣ ብሬዲ የሚመሰክረው ለእርስዎ ነው ወይስ በእርስዎ ላይ? እስኪ እናስበው። ሚሺጋን ውስጥ የተጫወተበትን ቪዲዮ ሁሉም ቡድን አይቶታል። ያ ሁሉ ስካውት (ተጫዋች መልማይ) ደጋግሞ አይቶት 198 ጊዜ የሌላ ሰው ስም ተጠራ። ብሬዲን ያሳለፈው ሰዓቱ ብቻ አይደለም። ዓይንም አልፎታል።

ስለ ሰዓት ደግሞ እኔን ይጠይቁኝ፤ ሥራዬ ነው። ቅዳሜ ጠዋት መድረሻው መስመር ላይ ቆሜ ሰዓት እይዛለሁ። ተኩሱ ሲሰማ ጣቴ ትንሽ ዘግይቶ ነው የሚጫነው። ሯጩ ሊደርስ ሲል ደግሞ ዓይኔ እየመጣ ያየዋል፤ ጣቴም ይዘጋጃል። ስለዚህ የእጅ ሰዓት ሁልጊዜ ልጁን ከእውነቱ ፈጣን ያደርገዋል። በአትሌቲክስ 100 ሜትር ላይ የእጅ ሰዓትን ከኤሌክትሮኒክሱ ጋር ለማስተያየት 0.24 ሴኮንድ የሚጨመረው ለዚህ ነው። ኮምባይን ላይም ቢሆን ሰዓቱን የሚያስነሳው የሰው ጣት ነው፤ የሚያቆመው መሣሪያ ነው። ይህን ሁሉ እናውቃለን፤ አውቀንም እናስተካክላለን። ዓይን ሲሳሳት ግን የምንጨምርለት 0.24 የለንም። አንድ ስካውት የሚወደው ዓይነት ልጅ ካለ በምን ያህል እንዳጋነነው ማን ይነግረናል?

በዚያ ላይ ማንም ጠንቃቃ መዛኝ 4.22ን አይቶ ብቻ አይመርጥም። ኳርተርባክ የሚያሳድድ ልጅ ከሆነ እኔ የማየው የመጀመሪያዎቹን 10 ያርድ ነው፤ ከኪሎው ጋር። ሥራው እዚያች ርቀት ውስጥ፣ በሦስት ሴኮንድ ገደማ ነው የሚያልቀው።

ዳኒል ሃንተርን ልንገርዎት። በኤልኤስዩ ኮሌጅ የመጨረሻ ዓመቱ የነበረው ሳክ አንድ ተኩል ብቻ ነው። ሳክ ማለት ኳርተርባኩን ኳሱን ሳይወረውር መጣል ነው፤ ሁለት ሰው ሲካፈለው ግማሽ ግማሽ ይያዛል። ውጤቱን ብቻ ያየ ሰው ይህን ልጅ ያልፈዋል። ግን 114 ኪሎ ሆኖ 40 ያርዱን በ4.57 ሮጧል። ሚኒሶታ በ2015 በሦስተኛው ዙር፣ በ88ኛ ወሰደው። በ2018 አሥራ አራት ተኩል ሳክ። በ2019 እንደገና አሥራ አራት ተኩል።

ዚጊ አንሳም አለ። ከጋና መጥቶ ቢዋይዩ ኮሌጅ የገባ ልጅ ነው። መጀመሪያ ቅርጫት ኳስ ሞከረ፤ ከዚያ ሮጠ። ፉትቦል የጀመረው በ2010 ነው። በ2013 ዲትሮይት በ5ኛ ቁጥር ወሰደው፤ በ2015 አሥራ አራት ተኩል ሳክ አስመዘገበ። ጆርዳን ማይላታ ደግሞ ከአውስትራሊያ፣ ከራግቢ ነው የመጣው። ሲመረጥ አንድም የአሜሪካ ፉትቦል ጨዋታ ተጫውቶ አያውቅም ነበር። ጋሼ፣ ማታ ማታ ከልጅዎ ጋር ምኑን ያዩለት ነበር? ከሁለት ሜትር በላይ የሆነ ሰው በዚያ እግር ሲንቀሳቀስ ፊላደልፊያ አየ፤ በ2018 በ233ኛ ወሰደው። በፌብሩዋሪ 2025 ሱፐር ቦውል ሲያሸንፉ የኳርተርባካቸውን ግራ የሚጠብቀው እሱ ነበር።

በራስዎ ሜዳ፣ በኳርተርባክም ልምጣልዎት። ጆሽ አለን ዋዮሚንግ እያለ ከ100 ውርወራው ዒላማውን የሚያገኘው 56 ያህሉ ነበር። ቪዲዮው በስህተት የተሞላ ነው። ቡፋሎ ግን ቁመቱንና ክንዱን አምኖ በ2018 በ7ኛ ወሰደው። በ2024 የውድድር ዘመን የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ።

ለቪዲዮው

እህቴ፣ በብሬዲ ጉዳይ ረትተሽኛል። ዓይንም ይስታል። ማይላታንም እሰጥሻለሁ፤ ቪዲዮ ከሌለው ልጅ ቪዲዮ አልጠይቅም።

ለምን እንዲህ እንደምሞቅ ግን ልንገርሽ። አምና ልጄን ይዤ ወደ አንድ የኮሌጅ የሙከራ ቀን ሄድኩ። ማለዳ ተነስተን፣ ሁለት ሰዓት ነድተን። ወረቀት ሰጡን፤ ቁመት፣ ኪሎ፣ 40 ያርድ። ልጄ የሦስት ዓመት ጨዋታውን በስልኩ ይዞ ነበር። ስልኩን እንደያዘ ቆመ፤ አንድም ሰው "አሳየኝ" አላለውም። ሰዓቱ ሁለት አስረኛ ዘገየ ተባለ፣ አመስግነው ሸኙን። መኪና ውስጥ እስከ ቤት አልተናገረም። ልጄ ኤንኤፍኤል ይደርሳል እያልኩ አይደለም። የሠራውን ሳያዩ መዘኑት፤ የቆጨኝ እሱ ነው።

ይህ ነገር ላይኛውም ቤት አለ። በ2002 አሪዞና ስቴት ውስጥ ቴሬል ሰግስ 24 ሳክ አስመዘገበ፤ በአንድ የውድድር ዘመን የኮሌጅ ክብረ ወሰን ነው። ከዚያ ከድራፍቱ በፊት ሲለካ ቀርፋፋ ሮጠ። ስካውቶቹ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ባልቲሞር በ2003 በ10ኛ ሲያገኘው እኔ በጣም ተገርሜ ነበር። በመጀመሪያ ዓመቱ 12 ሳክ፤ በዘመኑ ሁሉ 139። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ2008፣ ቨርነን ጎልስተን መጣ። 121 ኪሎ፣ ሰውነቱ ሐውልት የሚመስል። 102 ኪሎውን ብረት 37 ጊዜ አነሳው። ጄትስ በ6ኛ ወሰደው። ሦስት ዓመት ተጫወተላቸው፤ አንድም ሳክ የለውም። ዜሮ።

የዋሽንግተኑን ኳርተርባክ ጄይደን ዳንኤልስንም አስቢው። በኮሌጅ አምስት ዓመት፣ 55 ጊዜ ጨዋታ ጀምሯል። ኢንዲያናፖሊስ ላይ አልሮጠም። በ2024 በ2ኛ ተመረጠ፤ በመጀመሪያ ዓመቱ 12 አሸንፈን 5 ተሸነፍን፣ ሱፐር ቦውል ልንገባ አንድ ጨዋታ ቀረን። ስንት ዓመት ከጠበቅን በኋላ! ያ ምርጫ የተደረገው በሩጫ ሰዓት አይደለም።

ለልኬቱ

ጋሼ፣ ስለ ልጅዎ አዝናለሁ። ሰዓት ይዤ "ይቅርታ" ያልኳቸው ልጆች ፊት ዓይኔ ላይ አለ። እዚያ ቀን የተደረገው ትክክል አይደለም፤ ቪዲዮውን ማየት ነበረባቸው።

ጎልስተንን ግን አልቀበልዎትም። በ2007 ኦሃዮ ስቴት ውስጥ 14 ሳክ ነበረው፤ በዚያን ጊዜ የትምህርት ቤቱ ክብረ ወሰን። ሰውነቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ እሺ። ይህ ልጅ በልኬቱም በጨዋታውም ያማረ ነበር። ያሳሳተው ሁለታችንንም ነው።

ሌላው ደግሞ ይህ ነው። ቪዲዮ ሁሉን እኩል አያይም። ትልቅ ትምህርት ቤት ያለ ልጅ ከጠንካራ ተጋጣሚ ጋር፣ በየሳምንቱ በቴሌቪዥን ይታያል። ትንሽ ትምህርት ቤት ያለው ግን የቱንም ያህል ቢያምር "ማንን ገጥሞ ነው?" ይባላል። 40 ያርድ ለሁሉም 40 ያርድ ነው። ክሪስ ጆንሰን የመጣው ከኢስት ካሮላይና ነው። በ2008 በ4.24 ሲሮጥ ማንም "ማንን ገጥሞ ነው?" ማለት አልቻለም። ቴኔሲ በ24ኛ ወሰደው። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ2009፣ ኳስ ይዞ 2,006 ያርድ ሮጠ።

ለኳርተርባክ መጀመሪያ ቪዲዮ ይታይ፤ በዚህ እስማማለሁ። አለን የተለየ ነው፤ እንደ እሱ ተመርጠው የቀሩ ብዙ ናቸው። ለአሳዳጆቹና ግራ ቀኙን ለሚጠብቁት ግን ልኬቱን አልለቅም። የእጅ አጠቃቀምን አሠልጣኝ በሁለት ዓመት ያስተምራል። ያንን 10 ያርድ የሚያስተምር አሠልጣኝ የለም።

ለቪዲዮው

14 ሳክ ቁጥር ነው እንጂ ቪዲዮ አይደለም። እኔ የምጠይቀው እንዴት እንደመጡ ነው። ማንን አልፎ? መጀመሪያ የሞከረው ሲከሸፍበት ምን አደረገ? ከሁለቱ ሳክ መካከል ባሉት አርባ ሙከራዎችስ የት ነበር? ጎልስተን በጨዋታ መሃል ይጠፋል የሚሉ ያኔም ነበሩ። የሰማቸው አነሰ።

ስለ ትንሽ ትምህርት ቤት ያልሽው ልቤን ነክቶታል። በእሱ አልከራከርሽም።

በ10 ያርድሽ ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ኢንዲያናፖሊስ ላይ ልጁ አርፎ፣ ተኝቶ፣ ተዘጋጅቶ፣ መነሻውን ራሱ መርጦ ነው የሚነሳው። እኔ የማየው አራተኛው ኳርተር ነው። ለስድሳኛ ጊዜ ጎንበስ ብሏል። አፉን ከፍቶ ይተነፍሳል። ጣቱ በፕላስተር ተጠቅልሏል። ከፊቱ 140 ኪሎ ሰው ቆሟል፤ ኳሱ መቼ እንደሚነሳም አያውቅም። እዚያ ሲነሳ የመጀመሪያዎቹ 10 ያርዶቹ ስንት ይሆናሉ? ያንን ሰዓት ያዢልኝና አምጪው። ከልጄ ጋር ሆነን እናየዋለን።