ማስተካከያ፦ የ2014ቱ ውሳኔ የወንጀል መዝገብ አይሰርዝም

የወንጀል መዝገብ ለሕዝብ ክፍት ስለመሆኑ በቀደመው ጽሑፌ፣ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 በሰጠው ውሳኔ ሰዎች የወንጀል መዝገባቸውን ማሰረዝ ይችላሉ ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ጉዳዩ ከነጭራሹ የወንጀል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1998 አንድ የስፔን ጋዜጣ፣ በማኅበራዊ ዋስትና ዕዳ ምክንያት በሐራጅ ስለሚሸጥ የአንድ ሰው ንብረት ያወጣው ማስታወቂያ ነበር። ፍርድ ቤቱም ያለው፣ በሰውየው ስም ሲፈለግ የሚመጣውን ማስፈንጠሪያ ጎግል ከውጤቱ እንዲያነሳ ሊገደድ ይችላል ነው። ያም ቢሆን ሕዝቡ መረጃውን የማግኘት ጥቅሙ ካመዘነ ማስፈንጠሪያው ሳይነሳ ይቀራል። ጋዜጣው ገጹን አላጠፋም፤ በፍርድ ቤትና በፖሊስ እጅ ያለ መዝገብም በዚህ ውሳኔ አይነካም።

ልዩነቱ የቃላት ብቻ አይደለም። ቅጣቱን ጨርሶ ሥራ የሚፈልግ ሰው እኔን አምኖ «መዝገብ የለብኝም» ብሎ ቅጽ ቢሞላ፣ እንጀራውን የሚያጣው እርሱ ነው።