ግሩፑን ማን ይዝጋው?

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ጉዳይ ተጀመረ የሚባለው ግሩፕ ሲከፈትለት ነው። ሠርግ ታሰበ፣ ግሩፕ። ሰው ታመመ፣ ግሩፕ። የኮንዶሚኒየሙ የውኃ ፓምፕ ተቃጠለ፣ ግሩፕ። ፓምፑ ከተሠራ በኋላ ግሩፑ ምን ይሁን ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። በዓመቱ ፓምፑ ሲደግመው አሮጌው ግሩፕ ትዝ የሚለው ሰው ስለሚጠፋ ሌላ ይከፈታል። ስሙም «የውኃ ፓምፕ አዲሱ» ይባላል።

በማኅበር ነገር እኮ እኛ የምንታማ ሰዎች አይደለንም። እድር ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ መተዳደሪያ ደንብ አለው። የቀረ ይቀጣል፣ መክፈል ያቆመ ይሰረዛል። እቁብም ዕጣው ለሁሉም ሲዳረስ ያልቃል፤ የፈለገ እንደገና ይጀምራል። ግሩፕ ለመክፈት ግን አንድ ሥራ ፈት ይበቃል። ለመዝጋት ሲሆን ጀግና ያስፈልጋል፤ ጀግናው ደግሞ ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው።

እኔ አድሚን የሆንኩበት አንድ የሠርግ ኮሚቴ ግሩፕ አለ። መቼም መርጠውኝ እንዳይመስላችሁ። ዋትስአፕ ላይ ብቸኛው አድሚን ጥሎ ከወጣ ሥልጣኑ ከአባላቱ ለአንዱ በራሱ ይተላለፋል። ከፋቹ ውልቅ አለ፣ ሹመቱ እኔ ላይ አረፈ። ሙሽሮቹ ከወለዱ ቆዩ፤ ልጃቸው ኬጂ ገብቷል። ግሩፑ ግን «የሚዜ ከረባት ወይን ጠጅ ነው ወይስ ሰማያዊ?» የሚለው ጥያቄ ላይ እንደቆመ ነው። የመለሰ የለም። (ሠርጉ ዕለት ግማሹ ሚዜ ወይን ጠጅ፣ ግማሹ ሰማያዊ አስሮ የመጣው በዚሁ ምክንያት ነው።)

ከዚያ ወዲህ ድምፅ የሚሰማው በዓል ሲደርስ ብቻ ነው። ለእንቁጣጣሽ አደይ አበባ ይለጠፋል። ለፋሲካ ዶሮ ወጥ ከነሞሰቡ። ሁለት ሰው «አሜን፣ አብሮ ያድርሰን» ይላል፤ ከዚያ ጭጭ። በመሐል በመሐል አንድ ወንድማችን «ቪትስ የምትፈልጉ፣ ሴት ስትነዳት የነበረች፣ በጣም ንጹሕ» ብሎ ብቅ ይላል። ይኼ ሰው ኮሚቴው ውስጥ ምን እንደሠራ እስከ ዛሬ አላወቅንም።

ታዲያ ለምን አንወጣም? ይሉኝታ ነዋ! ድሮ አንድ ሰው ሲወጣ «እገሌ ወጣ» የምትል ግራጫ መስመር ሁሉም ፊት ዱብ ትል ነበር። ወዲያው ስልክ ይደወላል። «ምነው፣ ማን አስቀየመህ?» ዋትስአፕ እ.ኤ.አ. በ2022 ይህን ቀየረው። አሁን መስመሯ የምትታየው ለአድሚን ብቻ ነው። ግን ሙሉ በሙሉ አልማረንም። ባለፉት 60 ቀናት ውስጥ የወጡ ሰዎች ዝርዝር አለ፤ ፈልጎ ያገኘው አባል ሁሉ ያየዋል። 60 ቀን ለሐሜት ይበቃል፤ ይተርፋልም።

መዝጋቱማ ይብሳል። ቴሌግራም ላይ ባለቤቱ አንዴ ነካ ያደርጋል፤ ግሩፑ ከነጽሑፉ ከነፎቶው ከሁሉም ሰው ላይ ይጠፋል። ዋትስአፕ ግን ይህን ቀላል መንገድ አይሰጥም። አድሚኑ አባላቱን አንድ በአንድ ያስወጣል፣ ባዶ ሲቀር ራሱ ይወጣል፣ ከዚያ ነው የሚሰርዘው። እስቲ አስቡት። የሙሽራዋን አክስት፣ እኚያን በገዛ እጃቸው ያጎረሱኝን ሴትዮ፣ በምን አንጀቴ ነው ሪሙቭ የማደርጋቸው? ደግሞስ በማን ልጀምር? በዕድሜ? ባዋጡት ገንዘብ? መጀመሪያ የወጣው «ከዚህ ሁሉ ሰው እኔን አስቀደመኝ» ብሎ ይቀየማል። መጨረሻ የቀረው ደግሞ ከእኔ ጋር ሁለት ለሁለት መፋጠጡ ነው።

ኩባንያ ይሉኝታ የለውም። ያሁ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ያቆየውን ያሁ ግሩፕስን ዲሴምበር 15 ቀን 2020 ድርግም አድርጎ ዘጋው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት መጨረሻ የሰውን የዓመታት ፋይል እንደሚያጠፋ አስታውቆ፣ የምትፈልጉትን አውርዱ ብሎ፣ ቀነ ገደብ ሰጥቶ ነበር። አበቃ። አንዲት አክስት እንኳን ደውላ «ምን አጠፋን?» አላለችውም።

ደግሞ ሁሉም ይዘጋ ባይ አይደለሁም። የቤተሰባችን ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ሰው ከተናገረ ቆይቷል። ግን ወደ ላይ ከወጣችሁ የአክስታችን ቮይስ አለ። ዛሬ በሕይወት የለችም። ሲኒ ሲንኳኳ ይሰማል፣ አንድ ሕፃን ያለቅሳል፣ እሷ «ይኼ ነገር እየቀዳ ነው? ማነህ፣ እየቀዳ ነው ወይ?» ትላለች፤ ከዚያ ይቋረጣል። ያንን ግሩፕ የሚነካ ከእኔ ጋር አይገናኝም። ባለቤቱ የአጎቴ ልጅ ነው። ስልክ ሊቀይር መሆኑን በሰማን ቁጥር ሁላችንም «አደራ» እንለዋለን።

የሠርጉ ኮሚቴ ግን ሌላ ነው። እዚያ ውስጥ ከድንኳን ኪራይና ከከረባት ሌላ ምንም የለም። ስለዚህ አንድ እሑድ ጨከንኩና ጻፍኩ፦ «የተከበራችሁ የኮሚቴው አባላት፣ ሥራችን በሰላም ስለተጠናቀቀ ግሩፑን ብንዘጋው ምን ይመስላችኋል?»

ጉድ ፈላ። ለሠርጉ ሽር ጉድ ሲባል ያልተነፈሱ ሰዎች ሁሉ አፍ አወጡ። የሙሽራዋ አክስት «ምነው ልጄ፣ ምን አደረግንህ?» አሉ። አንዱ ሚዜ «ወንድሜ፣ ማን እንዳስቀየመህ በውስጥ መስመር ንገረኝ» አለኝ። ሌላው «እንዳትዘጋው! የእኔም ሠርግ እየደረሰ ነው፤ ስሙን ብቻ ቀይርልኝ» አለ። የመኪናው ሰውዬ «ቪትሷ ተሸጣለች፣ ያሪስ አለ» አለ። አንዷ ደግሞ «ከረባቱ ወይን ጠጅ ነው» ብላ መለሰች።

በመጨረሻ የሙሽራው አጎት ብቅ አሉ። ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ ኦዲተር ነበሩ፤ ጡረታ ቢወጡም ሙያው አልወጣላቸውም። «መዘጋቱን አልቃወምም» ብለው ጀመሩ። «ነገር ግን ከመዘጋቱ በፊት የመዋጮው ሒሳብ ይቅረብ። ከድንኳንና ከቪዲዮ የተረፈው ገንዘብ የት ደረሰ?»

አውራ ጣት ዘነበ። «ልክ ናቸው ጋሼ!» የማይል ጠፋ። መዋጮውን ያልከፈሉት ሁለቱ ሳይቀሩ ደገፉ።

ሒሳብ ያዣችን በዚያች ሰዓት ኦንላይን ነበር። «እየጻፈ ነው» የሚለው ታየ። ጠፋ። ታየ። ጠፋ። ማታ ላይ ያቺ ግራጫ መስመር ለእኔ ለብቻዬ መጣችልኝ።

እኔ ትንፍሽ አላልኩም። የመዝጋቱም ነገር በዚያው ተረሳ፤ ግሩፑ እንደ ሠርጉ ሰሞን ሞቅ ብሎ ያሪሷ ስንት እንደምታወጣ ይከራከራል። ትናንት ግን ጋሼ ደወሉልኝ። ሰላምታው እንደ ወትሮው ረዘመ፤ የልጆቹን፣ የሥራውን፣ የዝናቡን ሁኔታ ጠየቁኝ። ከዚያ «እኔ የምልህ» አሉ፣ «ያ የወጡ ሰዎች ዝርዝር የሚባለው፣ የቱ ጋ ሲነካ ነው የሚመጣው?»