መቶ ምን?

ባለፈው ጥር ለጥምቀት አዲስ አበባ በገባሁ በሦስተኛው ቀን ሰፈራችን ወደሚገኝ ጂም ሄጄ ደረት ማሠሪያው ማሽን ላይ ተቀመጥኩና፣ ሜሪላንድ ለዓመታት እንደለመድኩት መሰኪያውን መቶ በሚለው ቁጥር ላይ ሰካሁት። ብረቱ አልነቃነቅ ሲለኝ ማሽኑ የዛገ መስሎኝ ባለ በሌለ ኃይሌ ገፋሁት። ሜሪላንድ የምገፋው መቶ ፓውንድ ወደ 45 ኪሎ ሲሆን፣ ፊቴ የተደረደረው ግን መቶ ኪሎ፣ ማለትም 220 ፓውንድ ነበር። ትከሻዬ ተጎድቶ ፀጉሬን እንኳ ማበጠር ሳልችል ከሰነበትኩ በኋላ ነው አሠልጣኙ «ጥግ ያሉት ከአሜሪካ ስለመጡ በፓውንድ ናቸው፤ ይሄኛው በኪሎ ነው» ያለኝ። በአንድ ክፍል ሁለት መለኪያ ሲኖር አንዱም ላይ ስሙ አልተጻፈም።

እዚያ አሜሪካ ደግሞ ቁጥሩን ብቻ መጥራት ልማድ ነው። እናቴ ልትጠይቀን የመጣች ጊዜ ሐኪም ቤት ወስጃት ነርሷ «154» ብላ መዝግባ አለፈች። አገር ቤት በመንገድ ዳር ሚዛን ላይ ስትወጣ «ሰባ ኪሎ» የምትባለው እናቴ ይህን ሰምታ ዝም አለች፤ ማታ እራት አልበላም አለች፤ ክብደቷ እጥፍ የሆነ መስሏት እንደ ነበር የተረዳሁት ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ቁጥሩን ለሁለት ከፍዬ 77፣ ከዚያ ላይ አንድ አሥረኛውን ቀንሼ 69.3 መሆኑን በወረቀት ሳሳያት ነው እንደገና እንጀራ የቆረሰችው። ይህ ስሌት የሚስተው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ በማይሞላ ነውና ፓውንድ አገር ያላችሁ ሁሉ ያዙት።

ይበልጥ የሚያበሳጨኝ ፓውንድ ራሱ በኪሎ የሚተረጎም መሆኑ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1893 ጀምሮ ፓውንድን ከኪሎግራም እያወጣች ነው የምትወስነው፤ በ1959 ስምምነትም አንድ ፓውንድ 0.45359237 ኪሎግራም ሆኖ ጸድቋል፤ የ1975ቱ ሕግ ግን ወደ ሜትሪክ፣ ማለትም ወደ ሜትርና ኪሎ መለኪያ፣ መዞሩን ለፈቃደኞች ተወው። ጉዳቱ በትከሻ ቢያበቃ ባልከፋ ነበር። የልጅ የትኩሳት ሽሮፕ የሚሰላው በኪሎ ስለሆነ፣ እናት 40 ብላ ፓውንዱን ስትናገር ሰሚው ኪሎ ነው ብሎ ቢይዘው፣ 18 ኪሎ የምትመዝን ሕፃን ከሁለት እጥፍ በላይ መድኃኒት ትወስዳለች።

እናቴ ለሁለተኛው ቀጠሮ ስንሄድ ሚዛኑ ላይ ሳትወጣ «በኪሎ ንገሪኝ በላት» አለችኝ። ነርሷ ከሚዛኑ ጎን ያለችውን ቁልፍ አንድ ጊዜ ተጫነችና 69.8 አለ። ያቺ ቁልፍ ባለፈውም ቀን እዚያው ነበረች።