ጎታ ለሚመጣ እንግዳ

ጎታ የደረሰ ሐበሻ መጀመሪያ የሚገርመው ዝምታዋ ነው። በጀርመን አገር በቱሪንጊያ ክልል፣ በኤርፉርትና በአይዘናኽ ከተሞች መሃል ያለች፣ 45 ሺህ ገደማ ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት። ያ ሁሉ ሰው የት እንደገባ ግን እንጃ። እሁድ ከሆነማ አትጠይቁ። ሱቁ ዝግ፣ ግድግዳ መብሳት ክልክል። ባዶ ጠርሙስ እንኳን ሰኞን ይጠብቃል፤ ሲጣል ይጮሃላ!

ይህቺ ከተማ ጥንቃቄ ደሟ ውስጥ አለ። በ1820 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምቆጥረው) ኤርነስት ቪልሄልም አርኖልዲ የሚባል የአገሬው ነጋዴ የእሳት መድን አቋቋመ። ሰባት ዓመት ቆይቶ የሕይወት መድን ጨመረበት። አሠራሩ ቁርጥ የእኛ እድር ነው። አባላቱ ያዋጣሉ፣ ለተጎዳው ይከፈላል፣ የተረፈው ለአባላቱ ይመለሳል። ድንኳንና ንፍሮ ብቻ የለውም። ዛሬ የመድን ሙዚየም ሳይቀር አላቸው። ጎረቤት ቤት ሄዳችሁ ብርጭቆ ብትሰብሩ የሚከፍል መድን እንዳለም እወቁ። እኛ «እግዜር ያውቃል» ብለን የምናልፈውን ሁሉ እነሱ ፋይል ከፍተውለታል።

«የማን ልጅ ነህ?» ማለት የኛ አመል ብቻ ይመስላችኋል? ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የአውሮፓ መሳፍንትን ዘር ከነጋብቻቸው የሚዘረዝር መጽሐፍ በየዓመቱ ይታተም የነበረው እዚሁ ጎታ ነው። የሰፈራችን እትዬዎች በሦስተኛው ቡና ላይ በቃላቸው የሚወጡትን፣ እነሱ ጠርዘው ሸጡት።

ፍሪደንሽታይን ግንብን ሳታዩ እንዳትሄዱ። በ1979 አምስት ሥዕሎች ተሰርቀውበት የተመለሱት ከአርባ ዓመት በኋላ ነው። ዕቃ የጠፋበት ተስፋ አይቁረጥ። ለኛ ግን ግንቡ ሌላ ታሪክ አለው። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ የሚባሉ የመካነ ሥላሴ ሰው ከሮም ተነሥተው እዚህ መጡ። የጋበዛቸው ወዳጃቸው፣ ጀርመናዊው የቋንቋ ሊቅ ሉዶልፍ ነው። ግእዙን ከሳቸው አዳበረ፣ አማርኛም ተማረ፤ በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። የጎታው መስፍን ኤርነስት ደግሞ ስለ አገራችን ጥያቄ አዥጎደጎዱባቸው። ሐበሻን አስቀምጦ መጠየቅ በዚህ አገር የቆየ ልማድ ነው ማለት ነው። አባን «መጀመሪያ ቀጠሮ ያዙ» ያላቸው እንዳለ ግን አልተጻፈም። ዛሬ ለመታወቂያም ቀጠሮ፣ ከጎረቤት ጋር ሻይ ለመጠጣትም ቀጠሮ ነው። «ብቅ በሉ» ያላችሁ ጀርመናዊ ካለ ቀኑንና ሰዓቱን አስጽፉት።

ጫካ ለናፈቀው አራት ቁጥር ትራም አለች። ከከተማው ወጥታ ዛፍ ለዛፍ ስትሄድ ባድ ታባርትስ ታደርሳለች።

የሚኖርባት ደግሞ ይህን ይያዝ። ቡና ከመቁላታችሁ በፊት መስኮት ክፈቱ። ጣሪያው ላይ ያለችው ነጭ ክብ ነገር ጭስ ጠቋሚ ናት፤ ቡናና ቃጠሎ አትለይም። የእሳት አደጋ መኪና ከመጣ ግን ሰዎቹን አቦሉን አስጠጥታችሁ ሸኟቸው። ያለ ቀጠሮ የሚመጣላችሁ እንግዳ እሱ ብቻ ነው።