ፓስቴል ፈዛዛ ነው ያለው ማነው?

ስለ ሲምቦሊስቶች፣ ማለትም የሚታየውን ብቻ ሳይሆን ሕልምንና ስሜትን ይሥሉ ስለነበሩት ሠዓሊዎች፣ የጻፋችሁት ጽሑፍ ደስ ይላል። ግን በፓስቴል፣ ማለትም በደረቅ የቀለም እንጨት፣ የሳሏቸው የሰው ምስሎች ሕልም የሚመስሉት «ፓስቴል ፈዛዛ ስለሆነ ነው» የሚለው አልተዋጠልኝም። ከእነሱ አንዱ የሆነው ፈረንሳዊው ኦዲሎን ረዶን በ1910 እ.ኤ.አ. በፓስቴል የሳላትን ቫዮሌት ሄይማንን እዩዋት፤ አሜሪካ፣ ክሊቭላንድ ሙዚየም ነው ያለችው። ቀለሙ ቦግ ያለ ነው! ልጅቷ በጎን ተቀምጣለች። ከፊቷ ያሉት አበቦች የበቀሉ ይሁኑ እሷ ያሰበቻቸው አይለይም።

ለእኔ ሕልሙ ያለው ዱቄቱ ላይ ነው። ፓስቴል በጥቂት ሙጫ የተያያዘ የቀለም ዱቄት ነው። በጣት ሲታሽ ጠርዝ የሚባል ነገር ይጠፋል፤ ጉንጯ የት አልቆ አየሩ የት እንደሚጀምር ግራ ይገባል። ደግሞ ረዶን እስከ ሃምሳ ዓመቱ ድረስ ባብዛኛው በከሰል ጥቁር በጥቁር ሲሠራ የኖረ ነው። ከሰልም እኮ ዱቄት ነው፤ ጣቱ ለምዶታል።